የብራናው ዕድሜና የጸሐፊው ስም

በታሪክ ክርክራችን ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም ተናጋሪው ለቃሉ ማስረጃ እንዲያመጣ በተጠየቀ ጊዜ፣ ያመጣው ነገር ከተናገረው ነገር ጋር በምን እንደሚገናኝ ሳያስረዳ፣ የታላቅ ሊቅ ወይም የታወቀ ቤተ ሙከራ ስም ጠርቶ ጠያቂውን ዝም ማሰኘቱ ነው። ይህን ልማድ አጥብቄ እነቅፋለሁ፤ ያለ ማስረጃ የተነገረውን ነገር ሰው ቢጠራጠረው አይፈረድበትም፤ ማስረጃውን አልፎ የሄደው ነገር ግን ከእውነቱ ጋር ተዋሕዶ ስለሚገባ፣ መለየቱ ለአዋቂም ጭንቅ ነውና።

በዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ተጠብቀው የኖሩትን ወንጌሎች እንመልከት። የገዳሙ ትውፊት፣ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንዲት ቀን ጽፈው ሲፈጽሙ ፀሐይ ቆማላቸዋለች ይላል። ከውጭ አገር ሊቃውንት ብዙዎቹ ግን የሥዕሉንና የፊደሉን መልክ አይተው መጻሕፍቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1100 ዓ.ም. ገደማ የተጻፉ ናቸው ብለው ገመቱ፤ ግምቱም ከጊዜ ብዛት ግምት መሆኑ ተዘነጋ። በኋላ ከብራናው የተወሰደ ቅንጣት በኦክስፎርድ በካርቦን ቢመረመር፣ በዚያው አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ የሚውል ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖቻችን፣ ጸሐፊው አባ ገሪማ መሆናቸው በሳይንስ ተረጋገጠ ብለው አወጁ።

ካርቦን የሚመሰክረው ቆዳው የተገፈፈው እንስሳ በየትኛው ዘመን እንደ ሞተ ነው፤ በዚያ ቆዳ ላይ ብዕሩን ያሳረፈው እጅ የማን እንደ ሆነ ሊናገር አይቻለውም። ምርመራው መጻሕፍቱ እጅግ ጥንታውያን ናቸው ሲሉ የኖሩትን መነኮሳት አጽንቷል፣ የሊቃውንቱንም ግምት አናግቷል፤ ከዚህ አልፎ የሄደ የለም። ተአምሩን የሚያምን በሃይማኖቱ ይመን፤ ቤተ ሙከራን ለተአምር ምስክር አድርጎ የሚያቆም ግን፣ ነገ ቁጥሩ ቢለወጥ ሃይማኖቱን አብሮ እንዲለወጥ አሳልፎ ሰጥቶታል።

በእውነት የጸና ማስረጃ ማየት የሚወድ የንጉሥ ዔዛናን ክርስትና ይመርምር። ሩፊኖስ በላቲን የፍሬምናጦስን ታሪክ ጻፈ፤ ቄሣር ቆንስጣንጢዮስ ለዔዛናና ለሳይዛና የላከው፣ በአትናቴዎስ ድርሰት ውስጥ የተጠበቀው ደብዳቤ፣ ፍሬምናጦስ በአክሱም ጳጳስ እንደ ነበረ ያሳያል፤ በንጉሡ ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ገባ፤ ቀድሞ ራሱን የጣዖቱ የማሕረም ልጅ ብሎ ያስቀረጸው ንጉሥ በኋላ በድንጋዩ ላይ የሰማይን ጌታ አመሰገነ። የሮም ቄሣርና የአክሱም ገንዘብ ሠሪ ሊመካከሩ አይችሉም ነበር፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጥቂት ነገር ተናግሮ፣ የተናገሩት ግን በአንድ ነገር ላይ ተገናኘ። እነዚህም ሁሉ ተሰብስበው ንጉሡ የተጠመቀበትን ዓመት አይነግሩንም፤ ዓመቱን ቆርጦ ለተማሪዎች የሚጽፍ ሁሉ ከየት እንዳገኘው ሊያሳየን ይገባዋል።