“ሸራው እኮ አዲስ ነው!”

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ልጄ ጉልበቱ ተልጦ፣ ሱሪው ተቀዶ ቤት ገባ። በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያደረሰ ነው የሚተዳደረው። እዚሁ ሳሪስ አቦ አካባቢ ከቆሙ ታክሲዎች መሀል አንዲት ተማሪ ድንገት አስፋልቱ ላይ ወጣችበት። ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩ ግን እንደጠበቀው አልቆመለትም። ልጅቷን ላለመግጨት ወደ ዳር አጥፎ ወደቀ። ተመስገን ነው፣ እሷን ምንም አልነካትም። እናቱ ቁስሉን እያጠበች ስትቆጣው፣ “እማዬ፣ ሸራው እኮ አዲስ ነው! ዛሬ ጠዋት ነው ያስቀየርኩት” አላት።

ለካስ ጥፋቱ አዲስ መሆኑ ላይ ነበር።

በማግስቱ የሰፈራችን መካኒክ እንዳስረዳን፣ አዲስ ሸራና ያገለገለ ዲስክ ፊታቸው ገና አልገጠመም። የሚነካኩት እዚህም እዚያም ብቻ ስለሆነ የመያዝ ኃይላቸው አነስተኛ ነው። በልኩ እየተፋተጉ ሲሄዱ ሸራው የዲስኩን ቅርጽ ይይዛል፤ ዲስኩም ላይ ስስ የሸራ ሽፋን ይለጠፋል። ፍሬኑ በደንብ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ከተገደበ ወዲህ በፈቃድ የሚንቀሳቀሱት በአብዛኛው የሥራ ሞተሮች ናቸው። ከባድ መኪና በሚበዛበት የሳሪስ–ቃሊቲ መንገድ ቀኑን ሙሉ ያዝ ለቀቅ ሲሉ ይውላሉና ሸራ ቶሎ ይጨርሳሉ። ስለዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በሞተር የሚሠራላችሁ ወላጆች ይህን ብታውቁ አይከፋም።

የሸራው ውፍረት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ወይም ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ ጊዜው አልፏል፤ ይቀየር። ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ የጀርባ ብረቱን ቅርጽና ቀዳዳዎቹን ማስተያየት ነው። የአንድ ዲስክ ሁለቱም ሸራዎች አብረው ይቀየራሉ። ብረት የበዛበት ሸራ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም፣ ለእሱ ያልተሠራን ዲስክ ይበላል። ለትንሽ ሞተር ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት ይበቃል። ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራ ይጣላል እንጂ ታጥቦ አይገባም። የሸራ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነውና ሕፃናት ባሉበት ግቢ በአፍም በአየርም አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሸራ ሲቀየር ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የፍሬኑን እጀታ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መጨበጥ ግድ ነው። አለዚያ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ይሆናል።

ከዚያ ማላመድ ነው። ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳማ መንገድ ፍጥነቱን 40 ያደርሳል፤ ሳያጠብቅም ሳያላላም ይዞ ወደ 10 ያወርደዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይቆምም። ዲስኩ እንዲበርድ ትንሽ ነድቶ ይደግማል። ይህን 10 ወይም 15 ጊዜ ካደረገ በኋላ፣ የጋለውን ፍሬን ጨብጦ ሳይቆም፣ ዝም ብሎ እየነዳ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ፣ ድንገተኛ ፍሬንን እየሸሸ ይንዳ። የኋላው ፍሬን በታምቡር የሚሠራ ከሆነም አዲስ ሸራው ያው ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

አሁን የራሴን ልናገር። ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ከመካኒኩ ሲመለስ፣ “ቶሎ በል እንጂ፣ ሥራው ያመልጥሃል” ብዬ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ። ማላመዱ የሚፈጀው ግን ግማሽ ሰዓት ነበር። ያቺ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፤ ከዚያ ማታ ወዲህ ግን ከሐሳቤ አልወጣችም።

እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ አባትና ልጅ አብረን ወጣን። እሱ ሲመላለስ እኔ ዳር ቆሜ ቆጠርኩለት። በ12ኛው ላይ “አባዬ፣ አሁን ያዘ!” አለኝ።

ልጃችሁ “ሸራ ቀየርኩ” ሲላችሁ፣ “አላመድከው ወይ?” በሉት። ካላላመደው ደግሞ ያቺን ግማሽ ሰዓት ስጡት።