ሜሎቲና ባለቤቱ

ሆሳዕና ገበያ ለዋለ ሰው ጠላ የሚጠመቀው በሴት እጅ ነው ብሎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ብቅሉን የምታበቅል፣ ጌሾውን የምትወቅጥ፣ ሸጣም ሒሳቡን የምትይዝ እርሷ ናት። ቢራን ግን አብዛኞቻችን የፈረንጅ ወንድ ሥራ አድርገን እናስበዋለን።

እስቲ የሜሎቲን ነገር ልብ እንበል። ሉዊጂ ሜሎቲ የተባለ ኢጣልያዊ መሐንዲስ፣ ኤርትራ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ በ1939 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አሥመራ ላይ ፋብሪካውን አቋቋመ። ጊዜው ግን አልተመቸውም። በ1941 ኢጣልያ ተሸንፋ አገሩን እንግሊዞች ያዙት፤ በ1946 ደግሞ ሜሎቲ ራሱ ሞተ።

ባሏ የሞተባትና የአገሯ መንግሥት ከዚያ የተነቀለባት ኤማ ሜሎቲ ጓዟን ጠቅልላ ብትሄድ ማን ይፈርድባት ነበር? እርሷ ግን ፋብሪካውን ተረከበች። ቢራው ስሙ የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ሜሎቲ ሲባል ወንድየው ብቻ ትዝ ይልህ እንደሆነ ስሙ የእርሷም ነበር።

በ1975 ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ይህም የመንግሥት ሆነ፤ ስሙም ተለወጠ። ዛሬ አሥመራ ቢራ ይባላል፤ የቆዩት ጠጪዎች ግን አሁንም ሜሎቲ ነው የሚሉት።