ለአሮጌ ጠመንጃ ጉርሻው በልክ ይሁን

ኅዳር ለአርሶ አደራችን የአጨዳና የክምር ወር ነው። ዝንጀሮና ከርከሮ ማሽላው ውስጥ እንዳይገቡበት ማማ ላይ የሚያድረውም በዚሁ ሰሞን ነው። በአሜሪካ ገጠርም ነገሩ ብዙ አይለይም። በቆሎና አኩሪ አተር ከማሳ የሚነሳው፣ በብዙ ግዛቶችም አጋዘንን በጠመንጃ ማደን የሚፈቀደው በዚሁ ወቅት ነው። እዚያም ማሳ የሚያጠፋ አውሬ አለ፤ እዚያም ገበሬው ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ መሣሪያ ይዞ ይወጣል።

ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሳው ያንን አሮጌ መሣሪያ ነው። በተለይ ደግሞ ባለቤቱ ጥይቱን እቤቱ ተቀምጦ በገዛ እጁ የሚሞላበትን ልማድ። ይህ በግብርና ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጉዳዩ የሚነሳው ከሰብል ጥበቃ ነው። በዚያ ላይ ሙያው ዛሬ በስልክ ላይ ባለ ቪዲዮ ማንም ሊያየው የሚችል፣ ሲያዩት ደግሞ ቡና ከመውቀጥ የማይከብድ የሚመስል ነገር ሆኗል። አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት ይገባል እንላለን።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። የእኛ የደጋ አጋዘን የድኩላ ዘመድ ነው፤ ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የአሜሪካው ጅራተ ነጭ አጋዘን ሌላ ቤተሰብ ሲሆን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ይህ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ለገበያ በሚደረግ አደን ተመናምኖ ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። ዛሬ ግምቱ ወደ 30 ሚሊዮን ደርሷል። ለማገገሙ ሕግ ድርሻ አለው፤ በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው 11 በመቶ ታክስ ለዱር እንስሳት ልማት እንዲውል አድርጓል። መብዛቱ ግን ለገበሬው ዕዳ ሆነበት። አጋዘን የአኩሪ አተሩን ቡቃያ ጫፍ ጫፉን ይቀጥፋል፣ የበቆሎ እሸት ይበላል፣ የፖም ችግኝ ይቀረጥፋል። ብዙ ግዛቶች ሰብሉ ለተጎዳበት ገበሬ ከመደበኛው የአደን ወቅት ውጭ ልዩ ፈቃድ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ወደ ጠመንጃው እንመለስ። ሬሚንግተን የተባለው አምራች በ1906 ሞዴል 8 የሚባል፣ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ከፊል አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ አወጣ። በ1936 ተሻሽሎ ሞዴል 81 ተባለና እስከ 1950 ተመረተ። ከዚያ ሌላ ዓይነት መጣ፤ ከ1960 እስከ 1980 የተሠራው ሞዴል 742 በአሜሪካ የገጠር ቤቶች በእጅጉ የተለመደ ነው። ኩባንያው ራሱ በ1816 የተመሠረተ አንጋፋ ቢሆንም በ2018 እና በ2020 ሁለት ጊዜ ለኪሳራ ተዳርጓል። በኒው ዮርክ ግዛት ኢሊየን ከተማ የነበረው ጥንታዊ ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። አምራቹ የጠፋበትን የውኃ ፓምፕ ወይም ትራክተር የያዘ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ሩቅ ሀገር ያለ አይመስለውም። መሣሪያው አልሞተም፤ መለዋወጫ የሚልክለት ግን የለም።

ጥይቱስ? ሞዴል 8 ሲወጣ በአራት ዓይነት የጥይት ልክ ነበር። ከአራቱ .35 ሬሚንግተን የሚባለውን ብቻ ፋብሪካዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ሠርተውታል። የ.25፣ የ.30 እና የ.32 ልክ ጠመንጃ የወረሰ ሰው ግን ከመደብር መደርደሪያ ጥይት አያገኝም፤ ወይ ራሱ ይሞላል፣ ወይ ጠመንጃውን ጌጥ ያደርገዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሞላ ሰው የአምራች ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ የሚሸጥ ከሆነ ግን ይጠየቃል።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። የነሐስ ቀለሃው፣ ቂጡ ላይ ተቀምጣ ስትመታ እሳት የምትተፋው ካፕሱል፣ ባሩዱ እና አፉ ላይ የተሰካው አረር። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፤ ቀለሃው ይቀራል። ከአራቱ ውድ የሚባለው ደግሞ እሱ ነው። ቆጣቢው ገበሬ ለቅሞ አጥቦ መልሶ የሚሞላው ለዚህ ነው። ቀለሃው በተኩሱ ኃይል ስለሚነፋ መጀመሪያ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጭኖ ወደ ልኩ ይመለሳል። አንገቱ ረዝሞ ከሆነ ይከረከማል። አዲስ ካፕሱል ይገጠምለታል፣ ባሩድ ተመዝኖ ይገባል፣ አረሩ ይሰካል። ባሩዱ የሚመዘነው «ግሬይን» በሚባል መለኪያ ነው፤ ስሙም ከእህል ፍሬ፣ ከገብስ ቅንጣት የመጣ ነው። አንድ ግሬይን 64.8 ሚሊ ግራም ያህላል። በእኛ ቋንቋ ሁለት መቶ ገደማ የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። የሚዛኑ ስሕተት ጥይቱን ከደካማ ወደ አደገኛ የሚያሸጋግረው በዚህ ዓይነት ቁንጥር ነው።

እስከዚህ ያለው ለማንኛውም ጠመንጃ ይሠራል። ከፊል አውቶማቲክ ሲሆን ግን ነገሩ ይጠብቃል። በእጅ በሚቆለፍ ጠመንጃ ተኳሹ ራሱ መዝጊያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጥይቱ ሲጎርስ ከተቸገረ እጁ ይሰማዋል፤ ይቆማል። ከፊል አውቶማቲኩ ግን ሥራውን የሚሠራው ከተኩሱ በሚሰርቀው ጉልበት ነው። ባዶውን ቀለሃ ያወጣል፣ ይጥላል፣ ቀጣዩን ያጎርሳል፤ ሁሉም በዓይን ጥቅሻ ነው። የሚያቆመው እጅ የለም። ቀለሃው በደንብ ወደ ልኩ ካልተመለሰ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሳይቆለፍ ይቀራል። ካፕሱሏ ከቀለሃው ቂጥ ትንሽ ብቅ ብላ ከቀረች መዝጊያው ሲወረወር ቃታው ሳይሳብ ልትፈነዳ ትችላለች። አረሩ ከላላ ደግሞ ካዝናው ውስጥ ሲንገጫገጭ ወደ ውስጥ ይሰምጥና በቀለሃው ያለውን ቦታ ያጣብባል፤ ቦታ ሲጠብ የባሩዱ ግፊት ይጨምራል።

የሁለቱ ጠመንጃዎች ጠባይ ደግሞ ይለያያል። በሞዴል 8 ሲተኮስ በርሜሉና መዝጊያው ተያይዘው አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በርሜሉ ተለይቶ ወደ ፊት ይመለሳል። ይህን ግዙፍ ብረት የሚያንቀሳቅሰው የምቱ ግፍትሪያ ብቻ ስለሆነ፣ ለቁጠባ ተብሎ ባሩዱ ሲቀነስ ጠመንጃው ቀለሃውን ሳይጥል ተጣብቆ ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ ብረት ከብረት ይላተማል። ለ.35 ሬሚንግተን የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 33,500 ፓውንድ ነው። በሞዴል 742 በብዛት የሚተኮሰው «ሠላሳ ኦ ስድስት» 60,000 ነው። ልዩነቱን ያየ ሰው የአያቱን ጠመንጃ ከዘመኑ ጋር ላወዳድረው ብሎ አይነሳም።

ሞዴል 742 ደግሞ በጋዝ ይሠራል። በበርሜሉ ጎን ያለች ትንሽ ቀዳዳ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ወስዳ መዝጊያውን ወደ ኋላ ትገፋለች። ቀዳዳዋ እንደ ቧንቧ የምትላላና የምትጠብቅ አይደለችም፤ በተሠራችበት ልክ ትኖራለች። ስለዚህ የባሩዱ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚነድበት ፍጥነትም ወሳኝ ነው። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ አረሩን በደንብ ሊያስፈነጥር ይችላል፤ ነገር ግን ጋዙ ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ ገና ጉልበቱ አልበረደምና መዝጊያውን ከሚገባው በላይ ይወረውረዋል። ከፋብሪካው ልክ ያለፈ ከባድ አረር ሲጨመርበት ይብሳል። መዝጊያው የሚንሸራተትበት የውስጥ ሐዲድ እየተጫረ እየተሰረጎደ ይሄዳል። ያ ክፍል ደግሞ የጠመንጃው አካል ራሱ ነው፤ እንደ ጎማ ተፈትቶ አይቀየርም።

ይህ ጠባይ የ742 ብቻ አይደለም። በወታደራዊው ኤም ዋን ጋራንድ ላይም ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ መዝጊያውን የሚነዳውን ረጅም ዘንግ እንደሚያጎብጥ የታወቀ ነው። ኤም ዋንን የእኛም አረጋውያን ያውቁታል፤ በ1951 ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነበርና።

በአረሩም ላይ አዲስ ነገር መጥቷል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ፣ ፍርፋሪው በታረደው ሥጋና በሚጣለው ሆድቃ ውስጥ ስለሚቀር፣ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይትን በጠቅላላ ከልክላለች። ምትኩ መዳብ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ያንኑ ክብደት ለማምጣት አረሩ መርዘም አለበት፤ ሲረዝም ቀለሃው ውስጥ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ለእርሳስ የተጻፈው የአሞላል ልክ ለመዳብ አይሠራም። የአባቱን ደብተር አውጥቶ በአዲስ አረር የሚሞላ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ቀለሃ መልሶ መሙላት ጥይት ከገበያ ለጠፋበት ጠመንጃ ተገቢ ሙያ ነው፤ ቁጠባም ነው። ሆኖም ልኩን የሚወስነው ጠመንጃው እንጂ የባለቤቱ ምኞት መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር «አሮጌው እንደ አዲሱ ሩቅ ይምታልኝ» የሚል ነው። አጋዘን ከማሳ ዳር ሲተኮስ ርቀቱ ብዙ አይደለም። ገበሬው ሩቅ መምታት ካማረው ሌላ ጠመንጃ ይግዛ። ሐዲዱ የተበላ 742 የያዘም በልዝብ ጥይት አስታምሜ አቆየዋለሁ ከሚል ሰቅሎ ቢተወው እንመርጣለን። ከጥይቱ ዋጋ የተረፈው ገንዘብ የጠፋ ዓይን አይመልስም። ለነገሩ ሁሉም ግዛት ይህን መሣሪያ ለአጋዘን አይፈቅድም፤ ፔንሲልቬኒያ በ2017 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን ለትናንሽ እንስሳት አደን ስትፈቅድ ለአጋዘን ግን ክልከላውን አላነሳችም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አሮጌ ጠመንጃ ለእኛ ገጠር እንግዳ አይደለም። ውጅግራና ስናድር፣ ምንሽርና መውዜር በአያቶቻችን ዘመን ስማቸው እንደ ሰው ይጠራ ነበር፤ የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የዞረበት ጊዜም ነበር። ይህ ትዝታ ግን ዛሬ ቀለሃ ለቅሞ ለመሙላት ፈቃድ አይሆንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት ማምረትን ይከለክላል። የዱር እንስሳ ማደንም የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሕጉ ባሻገር፣ አሜሪካዊው ገበሬ ይህን ሲሠራ በፋብሪካ ታትሞ የወጣ የአሞላል መጽሐፍ፣ ምልክት ያለበት የባሩድ ቆርቆሮና ቅንጣት የሚለይ ሚዛን ይዞ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ባሩድ በግምት እየዘገነ የሚሞላ ሰው ያንን ሙያ አልሠራም፤ ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ ፈንጂ እያዘጋጀ ነው። ቪዲዮውን የሚያዩ ወጣቶች ይህን ልዩነት ይወቁት።

ክልከላው ብቻውን ግን ማሳውን አይጠብቅም። ጃርት ድንቹን እየቆፈረ፣ ከርከሮ በቆሎውን እያረሰ፣ ልጆች ዝንጀሮ ጥበቃ ብለው ከትምህርት ገበታ እየቀሩ ለአርሶ አደሩ «አትተኩስ» ማለት ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ የግብርናና የዱር እንስሳት ጥበቃ ተቋማት ሊሰጡት ይገባል። ከአሜሪካ መዋስ የሚገባን ጠመንጃውን ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ ገበሬው ጉዳቱን ያመለክታል፣ ባለሙያ ማሳውን ያያል፣ ጉዳቱ በጽሑፍ ይያዛል፣ እርምጃው በፈቃድና በልክ ይወሰናል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች በዚህ የአጨዳ ወቅት በየማሳው ሲዞሩ የምርት ግምት መመዝገባቸው አይቀርም። በዚያው ቅጽ ላይ አውሬ ያጠፋውን፣ የትኛው አውሬ በየትኛው ጎጥ ምን ያህል እንደበላ፣ አንድ ዓምድ ጨምረው ይመዝግቡልን።