የማኅበራዊ ሚዲያ ጠለፋ፦ ኮዱን ለጠላፊው የሚሰጠው ማን ነው?

የማኅበራዊ ሚዲያ ጠለፋ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የረቀቀ የኮምፒዩተር ዕውቀት ያለው ሰው ሥርዓቱን ሰብሮ ሲገባ ነው። በአገራችን የቴሌግራምና የዋትስአፕ ተጠቃሚዎችን በብዛት የሚያጋጥመው ግን ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው፤ መግቢያውን ለጠላፊው የሚሰጠው የአካውንቱ ባለቤት ራሱ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጠላፊው የተጠቃሚውን ስልክ ቁጥር በራሱ መሣሪያ ላይ ያስገባል፤ ድርጅቱም የማረጋገጫ ኮድ ለባለቤቱ ይልካል። ወዲያውም ከሚያውቁት ሰው አካውንት «በስህተት ወደ ስልክህ የተላከ ኮድ አለ፤ እባክህ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይደርሳል። ሽልማት ደርሶዎታል የሚል ሊሆንም ይችላል። መልእክቱ የሚታመነው ከወዳጅ ስለመጣ ነው፤ ያ የወዳጅ አካውንት ግን አስቀድሞ የተጠለፈ ነው። ኮዱ እንደተሰጠ ለዘመዶች፣ በተለይም ባሕር ማዶ ሆነው በስልክ ከመገናኘት ይልቅ መጻጻፍ ለሚቀናቸው፣ «ሆስፒታል ነኝ፣ ቸግሮኛልና ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል ጽሑፍ ይበተናል። ስለዚህ ኪሳራው የሚያርፈው በአብዛኛው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን እርሱን በሚያምኑት ላይ ነው።

ዋነኛው መከላከያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው። በቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015፣ በዋትስአፕ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ያለክፍያ ይገኛል። ይህ ሲበራ ኮዱ በጠላፊው እጅ ቢገባ እንኳ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ችግሩ በራሱ የማይበራ መሆኑ ነው፤ ተጠቃሚው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሊያበራው ይገባል።

ጠለፋው ከተፈጸመም ጊዜ አለ። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፍል ከፍቶ የማያውቀውን መሣሪያ ማስወጣት ይችላል። ደንግጠው መተግበሪያውን ከስልካቸው የሚያጠፉ ሰዎች ይህንን ዕድል በገዛ እጃቸው ያባክናሉ።

ስለ ካፌና ሆቴል ዋይፋይ የሚነገረው ሥጋት ግን መጠነኛ ግነት ያለው ይመስላል። በዛሬው ጊዜ ዋና ዋናዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያና የባንክ አገልግሎቶች መልእክትን በምስጢር ቀይረው ስለሚያስተላልፉ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው ይዘቱን በቀላሉ አያነብም። አሳሳቢው የካፌውን ስም አስመስሎ የተከፈተ ዋይፋይ ነው፤ ለመገናኘት የፌስቡክ ወይም የኢሜይል የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ማቋረጥ ይገባል። በቤትና በመሥሪያ ቤት ደግሞ ዋይፋይ ማሰራጫው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሳይለወጥ ዓመታት የሚቆይበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በእስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። ምርመራው ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ በመሆኑም ተጎጂዎች የመልእክቶቹን ስክሪንሾት፣ የላኪውን ስልክ ቁጥርና ገንዘብ የተላከበትን ደረሰኝ ሳያጠፉ በአቅራቢያቸው ላለው ፖሊስ ማመልከት ይኖርባቸዋል።