ወጥመዱ የቆጠረውና ጨረቃ የሸሸገችው

የአማርኛ ቋንቋ ለእሳት እራት ስም ሲያወጣ የፍጡሩን ዕጣ አብሮ ተናግሯል፤ ብርሃን ባየ ጊዜ ይዞር ይዞርና የእሳት ሲሳይ ይሆናል። የሥነ ነፍሳት ባለሙያዎችም በዚሁ ጠባዩ በመጠቀም ሌሊት መብራት አብርተውና ከሥሩ መሰብሰቢያ ዕቃ አኑረው የገባውን በማግሥቱ ይቆጥራሉ። መሣሪያው የብርሃን ወጥመድ ይባላል። ለመሆኑ ወጥመዱ የሚለካው ምንን ነው?

አንድ ሌሊት 200፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ 40 የእሳት እራት ተያዘ እንበል። ቁጥራቸው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ ለማለት እንቸኩላለን። ሁለተኛው ሌሊት ሙሉ ጨረቃ የወጣችበት ቢሆንስ?

እስቲ እናስላ። ሙሉ ጨረቃ በምድር ላይ የምታሳርፈው ብርሃን 0.25 ሉክስ ያህል ነው፤ ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ያለ ሌሊት ከሰማይ የሚገኘው ደግሞ 0.001 ሉክስ ገደማ ነው። የመብራት ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚዳከም፣ ባለ 100 ካንዴላ መብራት ከሙሉ ጨረቃ ጋር የሚተካከለው በ20 ሜትር ላይ ነው። በጨለማው ሌሊት ግን እስከ 316 ሜትር ድረስ ሰማዩን ይበልጣል። በስፋት ሲሰላ ልዩነቱ 250 እጥፍ ይሆናል። የነፍሳት ዓይን የሉክስ መለኪያ ባለመሆኑ የሚያዘው ቁጥር በዚህ መጠን አይለዋወጥም፤ አዝማሚያው ግን ይኸው ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የእሳት እራት ለመብረር የክንፎቹ ጡንቻዎች መሞቅ ስላለባቸው፣ በብርዳማ ሌሊት ብዙዎቹ ሳይነሡ ያድራሉ። ደመና በበኩሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጨረቃን ይጋርዳል፣ ከምድር የሚወጣውንም የሙቀት ጨረር ወደ ምድር እየመለሰ ሌሊቱን ያሞቃል። ስለዚህ በደመናማ ሌሊት ብዙ ሲያዝ ምክንያቱ ጨለማው ይሁን ሙቀቱ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም። ሲ. ቢ. ዊልያምስ በእንግሊዝ አገር በሮታምስተድ የምርምር ጣቢያ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአራት ዓመታት የተሰበሰበውን ቆጠራ ከአየር ጠባይና ከጨረቃ ጋር ያመሳከሩት እነዚህን ምክንያቶች ለመለየት ነበር።

ጉዳዩ ለአገራችን የእርሻ ማሳ ጉዳይ ነው። የተምች እናት የሆነው የእሳት እራት በሌሊት ነፋስ ተጭኖ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ነፋሳት በሚገናኙበትና ዝናብ በሚጥልበት ሥፍራም በብዛት ይከማቻል። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተፈልፍሎ ትሉ ጤፉን፣ በቆሎውንና ማሽላውን ይወርራል። በጨረቃ ሌሊት የተገኘ አነስተኛ ቁጥር እንደ ደኅንነት ምልክት ከተቆጠረ ጉዳቱ የሚወድቀው በአርሶ አደሩ ላይ ነው። በሴቴዋ ጠረን የሚሠራው ወጥመድም ቢሆን ጠረኑን የሚያደርሰው ነፋስ ነውና ከአየር ጠባይ ነፃ አይደለም።

የወር አማካይ ከተወሰደ የጨረቃ ተጽዕኖ ይቻቻላል የሚሉ አሉ። ለረጅም ጊዜ ጥናት እውነት አላቸው፤ ተምች ግን ወር አይጠብቅም።

ስለዚህ የአየር ጠባይ ያልተመዘገበበት የወጥመድ ቆጠራ ግማሽ ልኬት ነው እንላለን። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሌሊቱ ሙቀት፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ ደመናው፣ ዝናቡና የጨረቃዋ ዕድሜ ይጻፍ። ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም፤ የጨረቃን ዕድሜ ማስላትም በባሕረ ሐሳብ ላደገ አገር እንግዳ ትምህርት አይሆንም። የፊዚክስና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች በአንድ ወጥመድ ዙሪያ አብረው ቢያመሹ፣ አንዱ የሚቆጥረውን ሌላው ሊተረጉምለት ይችላል።