በድምፁ የማውቀው ወዳጄ

ፍቃዱ ተክለማርያምን በአካል አግኝቼው አላውቅም። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ሆኖም ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ማረፉን ስሰማ ቤቴ ሐዘን እንደገባ ነው የቆጠርኩት። ጎረቤቴ ለቡና መጥታ ዓይኔን አየችና «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «ወዳጄ» አልኳት። ስሙን ስነግራት እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ አለች።

እኛ አርባ ምንጭ ላለን ሰዎች ብሔራዊ ቴአትር ሩቅ ነው። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ ያኔ መንገዱም እንደዛሬው ሳይሆን፣ ቴአትር ልይ ብሎ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ቴዎድሮስን ሆኖ፣ ኤዲፐስን ሆኖ መድረክ ላይ ሲቆም ያዩት ሲያወሩ እኛ ሰሚ ነበርን። ለእኛ የደረሰን ድምፁ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት መጽሐፍ ሲተርክ ግን ሲቀላም ሴቻም ከአዲስ አበባ እኩል ነበርን።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይስማማም ነበር። ለእሱ ተራኪ ማለት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ያነበበው ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ተከታይ ነው። እኔ ደግሞ ወጋየሁ ትልቅ መሆኑን አምኜ፣ ፍቃዱ ግን ዝም ማለት ያውቃል እል ነበር። አንድ ባለታሪክ ክፉ ወሬ ሲሰማ ፍቃዱ ቶሎ አይቀጥልም። ትንሽ ያቆማል። ሬዲዮው ባትሪ የጨረሰ መስሎን እጃችንን ስንዘረጋ ያን ጊዜ ይመለሳል። ይህ ክርክራችን ባለቤቴ እስኪያርፍ ድረስ አልተፈታም።

በሥራ ዘመኔ የወባ ወቅት ሲመጣ ክፍሉ ይሞላል፤ ወለል ላይ ፍራሽ የምናነጥፍበት ጊዜ ነበር። ኪኒን በጉሉኮስ የተሰካለት ሰው ጆሮው ይጮኽበታል፣ ይጨነቃል፣ እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትንሽ ሬዲዮ ይዛ ትመጣና የትረካው ሰዓት ሲደርስ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠው ነበር። አንድ ጊዜ ከጨንቻ ደጋ የመጡ አባት ተኝተዋል። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ልጃቸው አጠገባቸው ሆና በጋሞኛ ትነግራቸዋለች። ትረካው እየፈጠነ ሲሄድ እሷም እያዳመጠች ቀረች፤ መተርጎሙን ረሳችው። ልትጀምርላቸው ስትል እጃቸውን አንስተው ከለከሏት። «ሰውየው ተከድቷል አይደል? ከድምፁ ገብቶኛል» አሏት። እውነታቸውን ነበር።

ይህ ሰው ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙ ሲሰማ አገር ደነገጠ። ገንዘብ የሚያዋጣው ብዙ ነበር። ፍቃዱ በጸበል ሲረዳ ቆይቶ አረፈ። በምርጫው ላይ ብዙ ተወርቷል። እኔ ለመፍረድ አልደፍርም፤ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ የታማሚው ልብ የታማሚው መሆኑን አውቃለሁ። ለሌሎቻችሁ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ጸበልና መድኃኒት ጠላት አይደሉም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ የግፊት ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እጥበት የጀመረ ሰው ደግሞ ቀኑን ማሳለፍ የለበትም። ኩላሊቱ የማያስወጣው ውኃና ፖታሲየም በቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ስለ እጥበት ብዙ ሰው የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው። ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ተጣርቶ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቆላ እስከ ደጋ ካለ ቀበሌ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ማለት እርሻውን መተው ማለት ነው። ወጪው ደግሞ ከብቱን ይበላል፣ ቀጥሎ መሬቱን። ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ግን ኩላሊት የሚሰጥ ጤነኛ ዘመድ ይፈልጋል፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት አለው።

ኩላሊት ተንኮለኛ ነው። አብዛኛው አቅሙ እስኪያልቅ አያሳምምም። ሰው «ኩላሊቴን ያመኛል» ብሎ ወገቡን ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ ነው ወይም ጠጠር፤ እውነተኛው የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን ገበያ ውሎ ይገባል። እግር ሲያብጥ፣ ጠዋት ፊት ሲነፋ፣ ምግብ ሲያስጠላ ጊዜው ረፍዷል። ከዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለቱ ግፊትና ስኳር ናቸው። ሌላው እኔን የሚያናድደኝ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዙ ለወገብና ለጉልበት በየቀኑ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። አረጋውያን ከኪሳቸው እንደ ከረሜላ ሲያወጡት አያለሁ።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ግፊት መለካት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ማየት፣ ከደም ክሪያቲኒን መለካት፤ ይኸው ነው። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያድርገው።

በሴቶች ዕድራችን ወር በገባ ቁጥር የግፊት መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው አንዲት እናት ለካኋትና 180 በ110 ሆነ። ጥቂት አሳርፌ ደገምኩት፤ ያው ነው። «ሲስተርዬ፣ እኔ ምንም አያመኝም፤ ማሽንሽ ነው የታመመው» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችው። ተሳቀ። ለጠዋት ቀጠርኳት፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንድንሄድ። አልመጣችም። ማክሰኞ ቤቷ እሄዳለሁ።