እንጀራችንን የያዘው እጅ

በቅርቡ ጥቂት ሆነን በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ለጸሎት ተሰብስበን ነበር። አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ በኮረብቶች መካከል የተኛ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ያነበብነው ክፍል ዘፍጥረት 47 ነበር።

ዮሴፍን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የወንድሞቹን በደል ይቅር ባለው ልቡ እናውቀዋለን። ይህን ምዕራፍ ግን ብዙዎቻችን ዘለን እናልፈዋለን። ሕዝቡ እህል ለማግኘት መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን አስረከበ። ዮሴፍ ነፍስ አድኗል፣ ይህን አንክድም። ጎተራው በአንድ እጅ ሲገባ ሰዉም አብሮ መግባቱን ግን መጽሐፉ አልደበቀንም።

ይህን በወሎ ምድር ተቀምጦ ማንበብ ከበድ ይላል። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት ወሬውን አፈነ። ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የረሃብ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 በቴሌቪዥን አሳየና በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ደርግ ያንኑ አደረገ። በመስከረም 1977 አዲስ አበባ በአብዮቱ በዓል ስታሸበርቅ ወሎ ይራብ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ዓለም ቆረምን ያየው በጥቅምት ነው።

ከመደበቁ የከፋው ቀጥሎ የመጣው ይመስለናል። በሰፈራው ዘመቻ 600,000 ገደማ ሰው በአብዛኛው ከወሎና ከትግራይ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ተጋዘ። ወዶ የሄደ አለ። እርዳታ ፍለጋ መጥቶ የታፈሰም አለ፤ ስንዴው ማጥመጃ ሆኖበት። ይህን በግልጽ የተናገረው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ከአገር ተባረረ።

በከተማ ደግሞ ቀበሌ ነበር። ቤቱም፣ መታወቂያውም፣ የስኳርና የዘይት ራሽኑም በአንድ ቢሮ ያልፋል። እንዲህ ባለ አገር ወታደር በየደጁ ማቆም አያስፈልግም። ጎረቤትህ ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን አለማወቅህ ይበቃል። ሰውም «ጎመን በጤና» ብሎ ይተኛል። መፈክር አላሰማም፣ ግራ እጄን አላነሣም ያለ አማኝ ታሰረ፤ ብዙ አጥቢያዎች ተዘጉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ታፍነው ተወሰዱ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እነዚህን ታሪኮች በኮንፈረንስ ስንተርክ ደስ ይለናል። የማንተርከው፣ ከመካከላችንም የወንድሙን ስም ጽፎ የሰጠ መኖሩን ነው። በክፋት ብቻ አልሰጠም። ልጆቹ ራሽን ይበሉ ነበር።

ደርግ ሄዶ ጎተራው ቀረ። በኢሕአዴግ ዘመን አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ሁላችንም እናስታውሳለን። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ብድርና የምግብ እርዳታ ለተቃዋሚ ደጋፊዎች ይከለከላል ሲል መንግሥት አስተባብሏል። እኛ ግን ለገበሬው ጥያቄው ቀላል እንደነበር እናውቃለን፦ ማዳበሪያውን የሚሰጠኝ ማን ነው? ዛሬስ ቤተ ክርስቲያን የቦታ ካርታ ስትጠይቅ፣ ባለሥልጣኑን መድረክ ላይ አውጥታ ስታስጨበጭብለት፣ ከዚያ ገበሬ በምን ትለያለች? (ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ጭብጨባ አልረሳንም።)

አብረውን ከነበሩት አንድ አባት በ1977 ከዚሁ አካባቢ ወንድማቸው ወደ ሰፈራ ሄዶባቸዋል። ማን እንዳስመዘገበው ጠየቅናቸው። አጠገባችን ከውሃውና ከዳክዬዎቹ በቀር ማንም አልነበረም። እሳቸው ግን ዘወር ብለው መንገዱን አዩ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን።